ከጊዮርጊስ እስከ ስድስት ኪሎ፦ ስለ አዲስ አበባ ሐውልቶች ጥያቄና መልስ

ፒያሳ ተወልጄ ያደግሁ ሰው ነኝ። እንግዳ ይዤ እነዚህን መንገዶች ስዞር ዓመታት አልፈዋል። ሰሞኑን የደረሱኝን ጥያቄዎች እነሆ።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ አዲስ አበባ እንደ ጎንደርና እንደ ሐረር ጥንታዊ አይደለችም። ምን የሚታይ አላት?

መልስ፦ ልክ ነሽ፣ የተቆረቆረችው በ1879 ነው። ያየችው ግን ብዙ ነው። ጣሊያን የገባው ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ነበር። ንጉሡ ከስደት ተመልሰው የገቡት ደግሞ በ1933፣ በዚያችው በሚያዝያ 27። የአራት ኪሎው ሐውልት የቆመው ለዚህች ቀን ነው። ከሌሎቹም ብዙዎቹ ከአምስቱ የጠላት ዓመታት ጋር የተያያዙ ናቸው። ይህን ይዘሽ ዙሪ።

ጥያቄ፦ ያለኝ ግማሽ ቀን ነው። ከየት ልጀምር?

መልስ፦ በጠዋት ከአራዳ ጊዮርጊስ። ታቦቱ ዓድዋ የዘመተ ነው። ዘውዲቱም ኃይለ ሥላሴም የነገሡት እዚያ ነው። ጫማህን አውልቀህ ግባና የአፈወርቅ ተክሌን ሥዕሎች ቀና ብለህ እያቸው። ስትወጣ ምኒልክ ሐውልት ጋ ቆም በል። ፈረሱ የፊት እግሮቹን ወደ ላይ አንስቷል። የተመረቀው በ1923፣ በኃይለ ሥላሴ የዘውድ በዓል ዋዜማ ነው። ጣሊያን ሲገባ ነቅሎ ቀበረው፤ ከነፃነት በኋላ ወጥቶ ቦታው ተመለሰ። እኔ ባለፍኩ ቁጥር ቀና ብዬ ሳላየው አላልፍም።

ወረድ ስትል አቡነ ጴጥሮስን ታገኛለህ። ለፋሺስት አልገዛም ብለው ሐምሌ 22 ቀን 1928 በጥይት የተገደሉ ጳጳስ ናቸው። ሐውልታቸው ለባቡር ሥራ በ2005 ተነስቶ በ2008 ተመልሷል። ከዚያ በራስ መኮንን ድልድይ አድርገህ ወደ አራት ኪሎ ውጣ። አምስት ኪሎ ብሔራዊ ሙዚየም ድንቅነሽን አይተህ ስድስት ኪሎ ጨርስ።

ጥያቄ፦ ፒያሳ ፈርሳለች ይባላል። የቀረ ነገር አለ?

መልስ፦ አለ። በ2016 ብዙ ሰፈር ፈርሷል፤ የልጅነቴ መንደርም አብሮ ሄዷል፤ ባሰብኩት ቁጥር ሆዴ ይባባል። የቆሙትን ግን ሳትዘገዩ እዩ። እቴጌ ጣይቱ ሆቴል የአገራችን የመጀመሪያው ሆቴል ነው። በጥር 2007 እሳት ቢጎዳውም ዛሬም አለ። የእንጨት ደረጃውን ቀስ ብላችሁ ውጡ፤ ከእግራችሁ ሥር ቋ ቋ ሲል ትሰማላችሁ። ቡና ጠጥታችሁ ብትወጡ ደስ ይለኛል።

ጥያቄ፦ እናቴን ይዤ ልመጣ ነው፤ ጉልበታቸውን ያማቸዋል።

መልስ፦ እናትዎን በእግር አያድክሟቸው፤ ታክሲ ይያዙ። ቅድስት ሥላሴ ይውሰዷቸው፤ የኃይለ ሥላሴና የእቴጌ መነን መቃብር እዚያ ነው። ምኒልክ፣ ጣይቱና ዘውዲቱ ያረፉት በዓታ ነው፤ ወደ ምድር ቤት መውረድ ስላለ ግን ደግፈው ያውርዷቸው። ነጠላ አይርሱ።

ጥያቄ፦ ስድስት ኪሎ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ የትም የማያደርስ ደረጃ አየሁ። ምንድን ነው?

መልስ፦ ይህን የጠየቅሽ ተባረኪ፤ ብዙ ሰው ዝም ብሎ ያልፈዋል። ግቢው የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ነበር። የካቲት 12 ቀን 1929 አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም የጣሊያኑ ገዥ ግራዚያኒ ላይ ቦምብ የወረወሩት እዚያ ነው። ከዚያ ሦስት ቀን ሙሉ ከተማው ተጨፈጨፈ። የኢትዮጵያ መንግሥት የሟቾቹን ቁጥር 30 ሺህ ብሎ ነው ያስታወቀው። አደባባዩ ላይ ያለው የሰማዕታት ሐውልት ለእነሱ የቆመ ነው። ቅርጾቹን የሠሩት የዩጎዝላቪያ ቀራፂዎች ናቸው። ከመኪና አትይው። ወርደሽ በእግርሽ ዙሪውና ፊቶቹን አንድ በአንድ እያቸው።

ደረጃውን የሠራው ጣሊያን ነው። አንዷ እርከን አንድ የፋሺስት አገዛዝ ዓመት ነች፤ ዓመት በመጣ ቁጥር እርከን ሊጨምሩበት ነበር ሐሳቡ። ከነፃነት በኋላ አላፈረሱትም። የመጨረሻዋ እርከን ላይ የይሁዳን አንበሳ አስቀመጡበት። ከታች ሆነሽ ቀና ስትዪ ይታይሻል፤ ትንሽ ነው።