ኪኒኑን ስንት ሰዓት ልዋጥ?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

በዚህ እትም የምንመልሳቸው ደብዳቤዎች አራቱም ከሰሜን ሸዋ የመጡ ናቸው፤ አራቱም ስለ ፋይብሮማያልጂያ ይጠይቃሉ። ቤት ውስጥ «ቁርጥማት» ወይም «ብርድ ነው» ተብሎ የሚታለፍ፣ መላ ሰውነት ከሦስት ወር በላይ እየታመመ እንቅልፍም ሳያጠግብ ሲነጋ የሚጠረጠር ሕመም ነው። በደም ምርመራ አይታይም። የደም ማነስና የታይሮይድ ምርመራ የሚታዘዘው ይህንኑ የሚመስል ሌላ በሽታ እንዳይኖር ለማጣራት ነው።

«38 ዓመቴ ነው፤ ልብስ ሰፊ ነኝ። አሚትሪፕቲሊን 25 ሚሊ ግራም ታዞልኝ ማታ 4 ሰዓት ላይ ውጬ እተኛለሁ። 11 ሰዓት ተኩል ስነሳ ራሴ ይከብደኛል፤ እስከ ረፋዱ 4 ሰዓት መርፌ ላይ ክር ማስገባት ያቅተኛል። አፌ ይደርቃል። ወረቀቱ ደግሞ የድብርት መድኃኒት ነው ይላል። ይኸው 10 ቀኔ፣ ሕመሙ እንዳለ ነው። ልተወው?» (ከደብረ ብርሃን)

ገና አይተዉት፤ መጀመሪያ ሰዓቱን ይለውጡት። ይህ ኪኒን እንደተዋጠ ወዲያው የሚሠራ አይደለም። በደም ውስጥ ከፍ የሚለው ከሰዓታት በኋላ ነው፣ ከሰውነት የሚወጣውም ቀስ እያለ ነው። 4 ሰዓት ላይ ሲውጡት ጉልበቱ ንጋት ላይ ይደርስና ረፋዱን ይወስድብዎታል። ወደ 1 ሰዓት ተኩል ወይም 2 ሰዓት ያምጡት፤ የሚተኙበትን ሰዓት ግን አይንኩ። ለአንድ ሳምንት ሌላ ምንም ሳይለውጡ ይዩት። ሁለት ነገር ባንድ ጊዜ ከተለወጠ የትኛው እንደረዳ አይታወቅም። ራስዎ አሁንም ከከበደዎት መጠኑን ስለመቀነስ ሐኪምዎን ያነጋግሩ። ለፋይብሮማያልጂያ በ10 ሚሊ ግራም የሚጀመርበት ጊዜ ብዙ ነው፤ 25 ለአንዳንድ ሰው መነሻ ሳይሆን መድረሻ ነው። ኪኒኑን ለሁለት መክፈል ከተፈቀደልዎ ስባሪውን በምላስዎ አያቆዩት፤ እጅግ መራራ ነው፣ ምላስም ያደነዝዛል።

የድብርት መድኃኒት መባሉ አያሳስብዎ። ለድብርት የሚሰጠው መጠን ብዙውን ጊዜ ከ75 ሚሊ ግራም ጀምሮ ነው። በአነስተኛ መጠን ሲሰጥ የሚፈለገው እንቅልፉን እንዲያረጋና የሕመም መልእክት በነርቭ ውስጥ እንዲበርድ ነው። እንቅልፉ በመጀመሪያው ሳምንት ሊሻሻል ይችላል፤ ሕመሙ ግን ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይፈልጋል። በ10 ቀን አልሠራም ማለት አይቻልም።

ለአፍ ድርቀት ውሃ ቶሎ ቶሎ መጎንጨትና ስኳር የሌለው ማስቲካ ማኘክ ይረዳል። ከረሜላ ግን በደረቀ አፍ ላይ ጥርስ ይጨርሳል። ሆድ ድርቀት ከመጣ ተልባ ጥሩ ነው፤ ከኪኒኑ ሁለት ሰዓት ያህል አርቀው በብዙ ውሃ ይጠጡት። አንድ ሌላ ነገር አለ፦ መድኃኒቱ ድንገት ሲነሱ የደም ግፊትን ዝቅ ያደርጋል። መጸዳጃው ግቢ ውስጥ ከሆነ ሌሊት ዘለው አይነሱ፤ አልጋው ጫፍ ላይ አንድ ደቂቃ ተቀምጠው፣ ባትሪ ይዘው ይውጡ። ልብ በኃይል ከመታ፣ ራስዎን ከሳቱ፣ ሽንት አልወርድ ካለ ወይም ዓይንዎን አሞት በብርሃን ዙሪያ ክብ ቀለም ካዩ፣ ቀጠሮ ሳይጠብቁ ጤና ተቋም ይሂዱ። ኪኒኑን ልጆች ከማይደርሱበት ቦታ ቆልፈው ያስቀምጡ፤ ጥቂት ፍሬ እንኳ ሕፃን ይገድላል።

«አሚትሪፕቲሊን በአካባቢያችን ጠፋ። ጎረቤት ዲያዜፓም ሰጠኝ፤ ጥሩ ያስተኛኛል። ቀን ደግሞ ሕመሙ ሲበረታ ትራማዶል እውጣለሁ። ጸበልም ጀምሬያለሁ። ችግር አለው?» (ከመሐል ሜዳ)

አለው፤ ዋናው ችግር ሁለቱ ኪኒኖች አብረው መወሰዳቸው ነው። ዲያዜፓምና ትራማዶል ሲገናኙ እስትንፋስን ያደክማሉ፤ አረቄ ወይም ጠላ ከተጨመረበት ተኝቶ አለመነሳት አለ። ነገ አሚትሪፕቲሊን ሲገኝም ከትራማዶል ጋር ለመያዝ አያስቡ፤ የሚጥል በሽታ ዓይነት መንቀጥቀጥ ሊያመጣ ይችላል። ስለዚህ ሐኪሙ ዘንድ ሲሄዱ የኪኒኖቹን ቅጠል ሁሉ፣ የጎረቤቱን ጭምር፣ በእጅዎ ይዘው ያሳዩ።

ዲያዜፓም ያስተኛል፣ ጥልቁን እንቅልፍ ግን ይቀንሳል። ጠዋት ሰውነት እንደተቀጠቀጠ የሚነሳው ለዚህ ነው። በሳምንታት ውስጥም ሰውነት ይለምደዋል። በየማታው ከወሰዱት ወር ካለፈ ግን ዛሬውኑ አይቁረጡት፤ በድንገት ማቆሙ ራሱ መንቀጥቀጥ ያስከትላል። በሐኪም እጅ በጥቂት በጥቂቱ ይወርዳል። ዲክሎፌናክ ልሞክር ብለው እንዳያስቡም፤ ሕመሙ የመገጣጠሚያ ብግነት ስላልሆነ ጥቅሙ ትንሽ ነው፣ ትርፉ የጨጓራ ሕመም ነው።

ጸበሉንና ሕክምናውን አብሮ ማስኬድ ይቻላል። ጸበል ቦታ ላይ መድኃኒት ተዉ ከተባሉ ግን በድንገት ማቋረጥ አደጋ እንዳለው ለአባቶች በግልጽ ይንገሩ።

«2 ሰዓት ላይ እተኛለሁ፣ 12 ሰዓት እነሳለሁ፤ ከዚያ ውስጥ የምተኛው 6 ሰዓት ቢሆን ነው። ብርዱ ሕመሜን ስለሚያብሰው ከሰል አስገብቼ ነው የማድረው።» (ከአንኮበር)

ከከሰሉ እንጀምር። ሳይጨስ የቀላ ከሰል ሽታ የሌለው መርዛማ አየር ያወጣል፤ በር በተዘጋ ቤት ያንን እየተነፈሰ የተኛ ሰው ሳይነቃ ይሞታል፤ የእንቅልፍ ኪኒን የዋጠማ ይባስ። ማንደጃውን ከመተኛትዎ በፊት ወደ ውጭ ያውጡ። በምትኩ ያልፈላ ሙቅ ውሃ በጠርሙስ ሞልተው፣ በነጠላ ጠቅልለው እግርዎ ሥር ያድርጉ። ከላይ ባና ይደርቡ። ከኅዳር እስከ ጥር ባለው ውርጭ ካልሲና የራስ መሸፈኛ ቀላል ነገር አይደለም፤ ሰውነት በብርድ ሲኮማተር ሌሊቱን ሙሉ ጡንቻ አያርፍም።

አሁን ወደ ሰዓቱ። 10 ሰዓት አልጋ ላይ፣ 6 ሰዓት እንቅልፍ፤ 60 በመቶ ማለት ነው። አራቱ ሰዓት አልጋን የመገላበጫ ቦታ ያደርገዋል። ለሁለት ሳምንት በደብተር መዝግበው አማካዩን ያውጡ፤ 6 ሰዓት ሆኖ ከወጣ አልጋ ላይ የሚቆዩትን 6 ሰዓት ተኩል ያድርጉት፦ ከ4 ሰዓት ተኩል እስከ 11 ሰዓት። የሚነሱበት ሰዓት በበዓልም አይለወጥ። ከአልጋው ጊዜ 85 በመቶውን መተኛት ሲጀምሩ በየሳምንቱ 15 ደቂቃ ይጨምሩ። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ይከብዳሉ። የሚጥል በሽታ ያለበት ወይም መኪና የሚነዳ ሰው ይህን ያለ ሐኪም አይሞክር።

እንቅልፍ እምቢ ሲል ከአልጋ ውረዱ የሚለው ምክር የሚሞቅ ቤት ላለው ሰው የተጻፈ ይመስላል። በአንኮበር ብርድ ጋቢ ተከናንበው አጠገቡ ዱካ ላይ ቢቀመጡ ይበቃል፤ ሲያንቀላፉ ይመለሱ። ቡናውን እስከ 7 ሰዓት ቀን ይጨርሱ፤ የማታ ግብዣ ካለ አቦሉን ትተው በረካውን ብቻ ይቅመሱ።

እግርዎ ማታ ማታ አላስቀምጥ ካለዎት፣ ወይም ማንኮራፋትዎ ትንፋሽ እየቆረጠ ከሆነ፣ ችግሩ ሌላ ሊሆን ይችላልና ለሐኪም ይንገሩ። ለመጀመሪያው የብረት ማዕድን መጠን ይታያል፤ አሚትሪፕቲሊንም ያባብሰዋል።

«ፕሪጋባሊን 75 ሚሊ ግራም በቀን ሁለቴ ነው የምወስደው። ሁዳዴ ላይ እንዴት ላድርግ?» (ከሸዋ ሮቢት)

ይህ የነርቭ ሕመም ማስታገሻ የግድ ከምግብ ጋር መወሰድ የለበትም ማለት ይቻላል፤ በምግብም በባዶ ሆድም ይሆናል። ጥያቄው ውሃው ብቻ ነው። ጠዋት 12 ሰዓት በጥቂት ውሃ እንዲወስዱ ከንስሐ አባትዎ ጋር ይነጋገሩ፣ ሁለተኛውን ማታ 12 ሰዓት ያድርጉት። ለጾሙ ብለው የጠዋቱን መዝለልና ማታ ሁለቱን ባንዴ መዋጥ ማዞርና መውደቅ ያመጣል። ማቆም ከተፈለገም ቢያንስ በአንድ ሳምንት ውስጥ እየተቀነሰ ነው። ኩላሊትዎ ችግር ካለበት መጠኑ ዝቅ ይላል፤ ቁርጭምጭሚትዎ ካበጠም ለሐኪምዎ ያሳዩ።