ከመኪና ጎን በሚዘረጋ ሸራ ላይ መብራትና የፀሐይ መከላከያ መረብ ስለመስቀል

ሰላም ለቡድናችን አባላት በሙሉ። እህታችን ያቀረቡትን ጥያቄ በጥሞና አንብቤዋለሁ። ሚኒባሳቸውን ለቤተሰብ ጉዞ አስተካክለው፣ ከጎኑ ተጠቅልሎ የሚቀመጥና ሲፈለግ የሚዘረጋ ባለ 3 ሜትር ሸራ አስገጥመዋል። አሁን ደግሞ ለማታ መብራት፣ ከሰዓት በኋላ ለሚያስቸግራቸው ፀሐይ የመረብ መጋረጃ ለመስቀል አስበው፣ ሸራው ሳይቀደድና ክንዱ ሳይጣመም ምን ላይ ማንጠልጠል እንደሚችሉ ጠይቀዋል። እኔም የምኖረው እዚሁ ጅማ ነው። እንግዶችን ይዤ በቦንጋና በሚዛን መስመር ስለምመላለስ፣ እንዲህ ያለውን ሸራ በበጋም በክረምትም ለዓመታት ስጠቀምበት ቆይቻለሁ። መልሴ ቢረዝምብዎት በትዕግሥት እንዲያነቡልኝ እጠይቃለሁ።

ከሁሉ አስቀድሞ ይህ ሸራ የተሠራው የራሱን ጨርቅ ብቻ እንዲሸከምና በማንኛውም ሰዓት ቶሎ እንዲጠቀለል መሆኑን ልብ ይበሉ። በአካባቢያችን ጠዋት ጥርት ብሎ የዋለ ሰማይ ከሰዓት በኋላ ጠቁሮ፣ ነፋስና ዝናብ ተከታትለው የሚመጡበት ቀን ብዙ ነው። ስለዚህ ማንኛውንም ዕቃ ከመስቀልዎ በፊት፣ ነፋሱ ድንገት ቢነሣ ይህን አውርጄ ሸራውን ለመጠቅለል ስንት ደቂቃ ይፈጅብኛል ብለው ራስዎን ይጠይቁ። መልሱ ከሁለትና ከሦስት ደቂቃ በላይ ከሆነ አሰቃቀሉ መለወጥ አለበት። እኔ መንጠቆውንም፣ ገመዱንም፣ የሽቦውን መንገድም የምመርጠው በዚህ መለኪያ ነው።

በጨርቁ ላይ ምንም ነገር አይስቀሉ። ጨርቁን በስቶ ቀለበት ማስገባትም ሆነ በመቆንጠጫ ይዞ ማንጠልጠል፣ ቀዳዳው ትንሽ ቢመስልም ሸራው በተወጠረ ቁጥር እየሰፋ ይሄዳል፤ ውኃም ከዚያው ይገባል። ክብደት የሚሸከመው የፊተኛው የአሉሚኒየም ዘንግ ነው፤ እሱም ከታች እግር ሲኖረው ነው። የእርስዎ ሸራ መሬት የሚረግጥ እግር ካለው መብራትና ቀላል መረብ ያለ ችግር ይችላል። በክንዶቹ ብቻ ተንጠልጥሎ የሚቆም ዓይነት ከሆነ ግን፣ መረቡን ከመስቀልዎ በፊት ከሁለቱ ጫፎች ሥር ተጨማሪ ምሰሶ ያቁሙ፤ አለበለዚያ ጫናው ሁሉ በክንዶቹ መታጠፊያ ላይ ያርፋል።

አሁን የፊተኛውን ዘንግ ቀረብ ብለው ይመልከቱት። ሸራው የሚጠቀለልበት ቱቦ ከሆነ፣ ከዳር እስከ ዳር የሚሄዱ ጠባብ ቦዮች ያገኙበታል። አንደኛው የሸራውን ጠርዝ የያዘው ነው፤ ብዙ ጊዜ ባዶውን የተተወ ሌላ ቦይ አለ፤ መረብም መንጠቆም የሚገባው በዚህኛው ነው። ቦዩ አፉ ጠባብ፣ ሆዱ ሰፋ ያለ በመሆኑ፣ ጠርዙ ላይ ገመድ የተሰፋበት ጨርቅ ከጫፍ ሲያስገቡት ይንሸራተታል እንጂ ወደ ታች አይወጣም። ለመብራት የሚሆኑ ትንንሽ የፕላስቲክ መንጠቆዎችም በዚሁ መንገድ ይገባሉ።

መረቡን እዚሁ ማሰፋት ይቻላል። የጭነት መኪና ሸራና ድንኳን የሚሰፋ ባለሙያ ዘንድ ይውሰዱት፤ የልብስ ስፌት መኪና ለዚህ ሥራ አቅም የለውም። በቅድሚያ የቦዩን አፍና ሆድ ለክተው ይሂዱ፤ የገመዱን ውፍረት የሚወስነው እሱ ነው፣ ብዙውን ጊዜም 5 ወይም 6 ሚሊ ሜትር ይሆናል። ሰፊው የመረቡን የላይኛ ጠርዝ በጠንካራ የሸራ ጥብጣብ ጠቅልሎ፣ ገመዱን በመካከል አስገብቶ፣ ስፌቱን ገመዱ ሥር ጥብቅ አድርጎ እንዲያስኬደው ይንገሩት፤ ስፌቱ ከገመዱ ከራቀ ጠርዙ ቦዩ ውስጥ እየተጨማደደ ያስቸግራል። ገመዱም ናይለን ወይም ፖሊስተር ይሁን፤ የጥጥ ገመድ ውኃ ጠጥቶ ስለሚያብጥ ቦዩ ውስጥ ይነክሳል። ቤት ሲመለሱ ቦዩን በደረቅ ጨርቅ ጠርገው ሻማ ወይም ደረቅ ሳሙና ቢያሹበት፣ አንድ ሰው ብቻውን ጎትቶ ያስገባዋል። ዘይት ወይም ግሪስ ግን አይቀቡበት፤ አቧራ ይዞ ይደርቃል፤ ሸራውንም ያቆሽሻል።

የመረቡን ስፋት በተመለከተ፣ እስከ መሬት ማውረድ አያስፈልግም እላለሁ። በጅማ ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ ፀሐይ ገና ከአድማስ ከፍ ያለች ናት። የሸራው ፊተኛ ጫፍ 2 ሜትር ከፍታ ቢኖረውና ወደ ምዕራብ ቢዞር፣ በዚያ ሰዓት ፀሐዩ ወደ 2 ሜትር ተኩል ያህል ወደ ውስጥ ይገባል፤ ይህም ማለት ሸራው ቢዘረጋም የተቀመጡት ሰዎች ጥላ የላቸውም ማለት ነው። ከጫፉ 1 ሜትር ተኩል የሚወርድ መረብ ግን ይህንን ከግማሽ ሜትር ብዙም ወደማይበልጥ ያሳንሰዋል፤ ከሥሩ በቀረው ግማሽ ሜትር ደግሞ ነፋስ እንደ ልቡ ይመላለሳል፤ ልጆችም አይደናቀፉበትም። ጥቁር ወይም ጥቁር አረንጓዴ መረብ ከውስጥ ወደ ውጭ ለማየት ይመቻል፤ ነጩ ብርሃን እየበተነ ዓይን ያስቸግራል። ጥላው ከመቶ 80 የሚሆነውን ቢመርጡ ለምዕራብ ፀሐይ ይበቃል።

እግረ መንገዴን፣ መረቡን ከመስቀል በፊት የመኪናውን አቋቋም ማየት ይቀድማል። ከተማችን ከምድር ወገብ በስተሰሜን ከ7 ዲግሪ ተኩል ጥቂት ያለፈ ቦታ ላይ ስለሆነች፣ በሚያዝያ መጀመሪያና በነሐሴ መጨረሻ አካባቢ የቀትር ፀሐይ በአናታችን ላይ ትሆናለች፤ በታኅሣሥ ግን ወደ ደቡብ ዘንበል ትላለች። ስለዚህ በበጋ ወራት ሸራው የሚዘረጋበትን ጎን ወደ ሰሜን አዙረው ቢያቆሙ የመኪናው አካል ራሱ ጥላ ይጨምርልዎታል፤ መረብ የሚያስፈልግዎትም በምዕራብ በኩል ባለው የጎን ክፍተት ብቻ ይሆናል።

ነፋሱን ማክበር ይገባል። የነፋስ ፍጥነት እጥፍ ሲሆን የሚገፋው ኃይል አራት እጥፍ ይሆናል፤ መረብም ነፋስ ቢያሳልፍ እንኳ ከባዶ ክፍተት ይልቅ ብዙ ይይዛል። በዚህ ምክንያት የመረቡን ታችኛ ጠርዝ በማይለጠጥ ገመድ ወጥረው ከመሬት አይሰሩት፤ ነፋሱ በመታው ቁጥር ጡጫው በቀጥታ ወደ ዘንጉ ይሄዳልና። ከታች የሚለጠጥ የላስቲክ ማሰሪያ ያድርጉለት። የሸራውን እግሮች ግን በጠንካራ ገመድና በካስማ ይያዙ። የእኛ ቀይ አፈር በበጋ እንደ ድንጋይ ይጠነክራል፤ ከዘነበ በኋላ ግን አጭር ካስማ አይዝም። እኔ 40 ሴንቲ ሜትር የሚሆን የብረት ካስማ አናቱን ከሸራው አርቄ፣ ጫፉን ወደ ሸራው አዘንብዬ እመታለሁ፤ ዝናብ ካባራ በኋላም አንድ በአንድ እየነካሁ አያለሁ። ነፋሱ ሸራውን ማርገብገብ ከጀመረ፣ እንግዳ ቢቀመጥበትም መረቡ ይወርዳል፣ ሸራውም ይጠቀለላል።

ዝናቡ ያለ ነፋስ ከሆነ ሸራው ተዘርግቶ ሊቆይ ይችላል፤ ነገር ግን ከፊተኞቹ እግሮች አንዱን ከሌላው በግልጽ ዝቅ ያድርጉት። 1 ሴንቲ ሜትር ውኃ በ1 ካሬ ሜትር ላይ ሲተኛ 10 ኪሎ ይመዝናል፤ ሸራው መሐሉ ጎድጎድ ካለ ደግሞ ውኃው እየበዛ በሄደ ቁጥር ጉድጓዱም እየጠለቀ ይሄዳል። የመብራቱ መጋጠሚያ ሁልጊዜ ከፍ ባለው ጫፍ በኩል ይሁን እንጂ ውኃው በሚወርድበት ጥግ አይሁን።

ወደ መብራቱ ልምጣ። ዋናውን መብራት በፊተኛው ዘንግ ላይ ሳይሆን በመኪናው አካል ላይ፣ ሸራው ከተያያዘበት ሀዲድ ሥር እንዲያደርጉት አጥብቄ እመክራለሁ። እዚያ ያለ መብራት ሸራው ሲጠቀለል መውረድ አያስፈልገውም፤ ሽቦውም ያጥራል፤ ብርሃኑም ከጎረቤት ዓይን ይርቃል። በ12 ቮልት የሚሠራ፣ በሜትር 5 ዋት ያህል የሚወስድ፣ ውኃ እንዳያስገባ የተሸፈነ የኤልኢዲ ጥቅል ይበቃዎታል። 5 ሜትሩ 24 ዋት ግድም፣ ማለትም 2 አምፔር ይወስዳል፤ 5 ሰዓት ቢያበሩት ከባትሪው 10 አምፔር ሰዓት ይሄዳል። ሽቦው 1.5 ሚሊ ሜትር ካሬ ቢሆን በቂ ነው፤ ባለ 3 አምፔር ፊውዝ ደግሞ ከባትሪው አጠገብ ይግባ፤ ፊውዙ ከመብራቱ አጠገብ ከሆነ በመሐል ያለውን ሽቦ አይጠብቅም። ሲለጥፉት ላሜራውን በአልኮል ጠርገው ያድርቁት፤ አቧራ ላይ የተለጠፈ ነገር ከቦንጋ መልስ ተንጠልጥሎ ይገኛል።

ሽቦው ወደ መኪናው ውስጥ በሚገባበት ቦታ፣ ከመግቢያው ቀዳዳ ዝቅ ብሎ ወርዶ፣ ከዚያ ተመልሶ ወደ ላይ እንዲገባ ያድርጉ። ውኃ ሽቦውን ተከትሎ ሲወርድ ከታችኛው መታጠፊያ ላይ ይንጠባጠባል፤ ወደ ውስጥ አይዘልቅም። የቤት 220 ቮልት ማስረዘሚያ በአሉሚኒየሙ ዘንግ ላይ ማስኬድ ግን በፍጹም አይገባም። ከቤት መብራት መጠቀም ግድ ከሆነ፣ ወደ 12 ቮልት የሚቀይረው አዳፕተር ደረቅ ቦታ፣ መኪናው ውስጥ ይቀመጥ፤ ወደ ሸራው የሚወጣው ዝቅተኛው ቮልቴጅ ብቻ ይሁን።

በፊት ለፊት በኩል ለጌጥ የሚሆኑ ትንንሽ አምፖሎች ከፈለጉ፣ ክር መሰሎቹን ቀላሎች መርጠው በቦዩ መንጠቆዎች ይስቀሉ። የሁሉም ብርሃን ወደ ቢጫ ያደላ ይሁን፤ ነጭ ብርሃን ነፍሳትን አብዝቶ ይጠራል። ዝናብ በጣለ ማግሥት አሸን በሚወጣበት ምሽት፣ የፊቱን አጥፍተው የመኪናውን ጎን ብቻ ቀነስ አድርገው ቢያበሩ ይሻላል።

ሌላው፣ ያለ ቡና የሚዘረጋ ሸራ እኛ ዘንድ ስለሌለ፣ የከሰሉን ነገር ሳልናገር አላልፍም። ሼድ ኔት የሚባለው ይህ የፀሐይ መከላከያ መረብ አብዛኛው ፖሊኢትሊን ከሚባል ፕላስቲክ የተሠራ ስለሆነ በ130 ዲግሪ አካባቢ ይቀልጣል፤ ፍንጣሪም ይበሳዋል። ማንደጃው ከመረቡ ቢያንስ አንድ ሜትር ተኩል ርቆ፣ ክፍት በሆነው ጎን በኩል ይቀመጥ። ብርድ ነው ብሎ ሦስቱንም ጎን በላስቲክ ዘግቶ ከሰል ማስገባት ደግሞ በጢሱ ሽታ የማይታወቅ፣ ሰውን የሚገድል ጋዝ ያከማቻል፤ በተለይ ልጆች መኪናው ውስጥ ተኝተው ከሆነ አደጋው የከፋ ነው።

ስታወርዱ ሁለት ሰዎች ብትሆኑ ቅደም ተከተሉ እንዲህ ይሁን፤ አንዱ የፊቱን መብራት ነቅሎ ሲሰበስብ፣ ሌላው የመረቡን የታች ማሰሪያ ይፈታል፤ ከዚያ መረቡ በቦዩ ተጎትቶ ይወጣል፤ የእግሮቹ ገመድ የሚፈታው በመጨረሻ፣ ሸራው ሊጠቀለል ሲል ብቻ ነው። መንጠቆዎቹንም ከቦዩ ያውጡ፤ አብረው ከተጠቀለሉ ጨርቁን ይወጉታል። እርጥብ ሆኖ የተጠቀለለ ሸራ በጅማ እርጥበት ሁለትና ሦስት ቀን ከቆየ ይሻግታል፤ ስለዚህ ፀሐይ ባየችዎት ሰዓት እንደገና ዘርግተው ያድርቁት።

የቱቦውን ጫፍ ሽፋን ከፍተው፣ ቦዮቹ በግልጽ እንዲታዩ ከጎን ፎቶ አንሥተው ቢለጥፉልን፣ የትኛው ቦይ ባዶ እንደሆነና ምን ያህል ውፍረት ያለው ገመድ እንደሚስማማው አይቼ እመልስልዎታለሁ።