ኪቦርድህን አትሽጥ

በአካውንቲንግ ተመርቀህ በሰርግ ባንድ ኪቦርድ የምትጫወተው የአዲስ አበባው ወንድሜ፣ ደብዳቤህን አንብቤዋለሁ። ለድምፃውያን መድረክ ትራክ (ከባንዱ ጋር አብሮ የሚሄድ የተቀዳ ሙዚቃ) እና ክሊክ (ተጫዋቾቹ ብቻ በጆሯቸው የሚሰሙት የምት መቁጠሪያ) ማዘጋጀት ሙያህ እንዲሆን ትፈልጋለህ። አባትህ «ሙዚቃ ሥራ አይደለም፣ ባንክ ግባ» ይሉሃል። አንተ ደግሞ ኪቦርድህን ሸጠህ ማክቡክ ልትገዛ ነው።

አትሽጠው። እንጀራህም መማሪያህም እሱ ነው። ከሚክሰር ጀርባ የሚቆም ሰው የላፕቶፕህን ዓይነት አይጠይቅም፤ ትራኩ መሃል ላይ እንዳይቆም ብቻ ነው የሚፈልገው። ኤስኤስዲ (ፈጣን የፋይል ማከማቻ) ያለው አሮጌ ላፕቶፕ ይበቃሃል። ሪፐር የሚባለውን የሙዚቃ መቅጃና ማቀናበሪያ ፕሮግራም ለ60 ቀን በነፃ መሞከር ትችላለህ።

ባንዳችሁ ከሚጫወታቸው ዘፈኖች አሥር ምረጥ። የእያንዳንዱን ቴምፖ (ፍጥነት) ለክተህ ሁለት ባር (ተደጋጋሚ የምት ዙር) መቁጠሪያ ያለው ክሊክ ሥራለት። በ6/8 የሚሄደው ችክችካ ላይ ክሊኩ ስድስት ጊዜ ከመታ ድራመሩን ያጨናንቀዋል፤ በባር ሁለት ምት በቂ ነው። የፋይሎቹን ሁሉ ሳምፕል ሬት (በሰከንድ የሚወሰደውን የድምፅ ናሙና ብዛት) 48 ኪሎኸርዝ አድርገው። በ44.1 የተቀዳ ፋይል ሳይቀየር በ48 ከተጫወተ ዘፈኑ 9 በመቶ ገደማ ይፈጥናል፣ ቃናውም አንድ ተኩል ሰሚቶን (ግማሽ ቃና) ያህል ከፍ ይላል፤ ድምፃዊው መጮህ ይጀምራል። ክራርና ማሲንቆ ካሉ ከመጀመሪያው ዘፈን በፊት የመቃኛ ድምፅ አስገባላቸው፤ ትራኩ ለእነሱ ብሎ አይቃኝም።

መነሻህ ሁለት የድምፅ መውጫ ይሁን፦ ግራው ክሊክ፣ ቀኙ ትራክ በሞኖ፣ እያንዳንዳቸው በየራሳቸው ዲአይ ቦክስ (ድምፁን ለሚክሰሩ የሚያመቻች ትንሽ ሣጥን)። የክሊኩን ኬብል በቀይ ቴፕ ጠቅልለህ ለሳውንድ ማኑ በእጁ አሳየው። ኬብሎቹ ከተቀያየሩ ሙሽሮቹ ሲገቡ አዳራሹ የሚሰማው «ጢክ ጢክ» ነው። ባለአራት መውጫ ሳውንድ ካርድ (የላፕቶፑን ድምፅ የሚያወጣ መሣሪያ) ስትገዛ 1 እና 2 ለትራክ፣ 3 ለክሊክ፣ 4 «ኮረስ» እያለ ቀጣዩን የዘፈን ክፍል ለባንዱ ለሚጠራው ድምፅ ይሆናሉ። የራሱ አዳፕተር ያለው ካርድ መብራት ሲጠፋ አብሮ ይጠፋል፤ ላፕቶፑ በባትሪ ቢቀጥልም ድምፅ አይወጣም። ስለዚህ በዩኤስቢ ኃይል የሚሠራ ፈልግ። ትራክ ብቻ የምታጫውት ከሆነ በፈሩን (ላፕቶፑ ድምፁን ከማውጣቱ በፊት የሚያጠራቅመውን መጠን) 512 ላይ ተወው፤ በ128 የምትቆጥበው ጊዜ ለምንም አይጠቅምህም፣ በአሮጌው ማሽን ላይ ግን ድምፁን ያቆራርጠዋል። ዋይፋይና አፕዴት ከመድረክ በፊት ይዘጉ።

አባትህ ተሳስተዋል፤ ይህ በሰዓትና በልክ የሚሠራ ሙያ ነው። ግን የዐቢይ ጾምን 55 ቀን በምን ታልፈዋለህ? የጥር ሰርግ ገንዘብ እስከዚያ አይዘልቅም። ስለዚህ ባንኩን ግባ፤ ደመወዝህን ለቤት ስታካፍል ግን የሳውንድ ካርዱን ድርሻ አስቀድመህ አንሳ፣ ይህንንም ለአባትህ ፊት ለፊት ንገራቸው። ቅዳሜ ሥራ መኖሩን ከመፈረምህ በፊት ጠይቅ፤ ሰርጉ ያለው ያን ቀን ነው።

ያሬድ የሙዚቃ ትምህርት ቤት ጆሮህን ያሳድግልሃል፣ ለዚህ ሥራ ግን ዲፕሎማ የሚጠይቅህ የለም።

ማክቡኩን የምታስብበት በአሮጌው ላፕቶፕ ሦስት ሰርግ ሳይቆም ካጫወትክ በኋላ ነው። የዝግጅቱን ክፍያ ከመድረኩ ክፍያ ለይተህ በየዘፈኑ አስላ፣ ግማሹንም ፋይሉን ከመክፈትህ በፊት ተቀበል።