ሙዚቃው እንደ ሸክላ እየወፈረ እንዲቆም

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። ቤቴ ሆኜ ሎጂክ ፕሮ በሚባለው የሙዚቃ መሥሪያ ሶፍትዌር ቢት እሠራለሁ። ድሮፑ (ሙዚቃው የሚፈነዳበት ክፍል) ከመግባቱ በፊት ሙዚቃው ልክ የሸክላ ማጫወቻ ሲጠፋ እንደሚሰማው እየወፈረ እንዲቆም ፈልጌ ነበር። ቴምፖውን (ፍጥነቱን) ብቀንሰውም ይዘገያል እንጂ አይወፍርም። ምን ይሻለኛል?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ቴምፖ ስትቀንስ ሶፍትዌሩ የድምፁን ከፍታ እንዳለ ይጠብቅልሃል። ሸክላ ላይ ግን ሁለቱ አይነጣጠሉም። ፍጥነቱ በግማሽ ሲወርድ ድምፁም አንድ ሙሉ ኦክታቭ ይወርዳል።

መፍትሔው እጅህ ላይ ነው። ትራኩን መጀመሪያ ወደ ኦዲዮ ቀይረው። ሙዚቃው እንዲቆም የምትፈልግበት ቦታ ላይ ቁረጠው፤ ውጤቱ የሚሠራው የሪጅኑ (የተቆረጠው የኦዲዮ ቁራጭ) መጨረሻ ላይ ስለሆነ ነው። ከዚያ በሪጅን ኢንስፔክተሩ (የሪጅኑ ማስተካከያ ሳጥን) ውስጥ «ፌድ አውት» የሚለውን ጽሑፍ ተጫነውና «ስሎው ዳውን» በለው። ርዝመቱ የሚሞላው በሚሊሰከንድ ነው። ዘፈንህ 120 ቢፒኤም (በደቂቃ 120 ምት) ከሆነ አንድ ምት 500፣ አራት ምት 2000 ይሆናል። እኔ ከሁለት ምት ባይበልጥ እመርጣለሁ፤ ሲረዝም ጭፈራውን ያቀዘቅዘዋል።

የእውነተኛውን ማሽን ጠባይም ልብ በል። ቴክኒክስ ኤስኤል-1200 የተባለው የሸክላ ማጫወቻ ላይ የማቆሚያውን ቁልፍ ስትጫን ሸክላው ቶሎ ቀጥ ይላል። ኃይሉን ስታጠፋው ግን በራሱ ጊዜ እየተንከባለለ ነው የሚቆመው። የትኛውን እንደምትፈልግ አስቀድመህ ወስን፤ የአቋቋሙን አካሄድ የሚለውጠውን «ከርቭ» የሚለውን ቁጥር እየነካካህም አዳምጠው። ደግሞ ሁሉንም ትራክ አታቁም። ከበሮውና ቤዙ ሲወድቁ የድምፃዊዋ ሪቨርብ (የድምፅዋ ማስተጋባት) ብቻውን ሲቀር በጣም ያምራል።