ውርጭ የመታው ክትባት፦ የአንባቢያን ጥያቄና የባለሙያዎች መልስ

ጥያቄ፦ መንዝ ውስጥ በአንድ ጤና ኬላ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ ነኝ። በኅዳር አንድ ሰኞ ጠዋት ፍሪጁን ስከፍት ቴርሞሜትሩ ከዜሮ በታች 1 ዲግሪ ያሳያል። ብልቃጦቹ በረዶ አልሠሩም፣ ቪቪኤማቸውም (ብልቃጡ ላይ የተለጠፈው የሙቀት ምልክት) ነጭ ነው። ልጠቀምባቸው?

መልስ፦ እህታችን፣ ለዚህ ጉዳይ ቪቪኤሙን አይመኑት። በክቡ መሃል ያለችው ካሬ የምትጠቁረው በሙቀት ብቻ ነው፤ ብርድ ምንም አያደርጋትም። ሸዋ ሮቢት ቆላ ላይ የሚያሰጋው ሙቀት ነው፣ ጣርማ በር ወጥተው ደጋውን ከያዙ በኋላ ግን ክትባት ከሙቀት ይልቅ በውርጭ ይሞታል። የሚያሳዝነው፣ ስለ ቅዝቃዜ ሰንሰለት (ክትባትን እስኪሰጥ ድረስ በተገቢው ቅዝቃዜ ስለ ማቆየት) ሲወራ አሁንም ሁሉም የሚፈራው ሙቀቱን ነው።

ዛሬ ለማንም ሳይሰጡ መጀመሪያ ይለዩ። ቢሲጂ (የቲቢ ክትባት)፣ ኩፍኝና የአፍ ፖሊዮ በብርዱ አይጎዱም፤ የቢሲጂና የኩፍኝ መበጥበጫ ውሃ ግን በረዶ ሆኖ ከረጋ አምፑሉ ሊሰነጠቅ ስለሚችል አንድ በአንድ ይዩት። ፔንታ (አምስት በሽታ የሚከላከለው)፣ ፒሲቪ (የሳንባ ምች) እና ቲዲ (የቴታነስና ዲፍቴሪያ) ከአሉሚኒየም ጨው ጋር የተያያዙ ናቸው። ከረጉ ጨው ተጓጉሎ ኃይላቸው ይጠፋል፣ ቢቀልጡም አይመለስም። ልጁ ካርዱ ላይ «ተከትቧል» ተብሎ ይጻፋል፣ መከላከያ ግን የለውም። በረዶ ሆኖ ያገኙት ብልቃጥ ካለ ምርመራ አያስፈልገውም፣ ይወገዳል።

ፍሪጅ ታግ (የፍሪጁን ሙቀት በራሱ የሚመዘግብ መሣሪያ) ካለዎት ያለፉትን 30 ቀናት ይመልከቱ። ከዜሮ በታች ግማሽ ዲግሪ ወይም ከዚያ በታች ለ60 ደቂቃ ከቆየ ማንቂያው ይመዘገባል። ከተመዘገበ ወይም ከተጠራጠሩ ሼክ ቴስት (ብልቃጥ ነቅንቆ ዝቃጩን የማየት ሙከራ) ይሠራል። አንድ ዓይነት ክትባት፣ አንድ ፋብሪካ፣ አንድ ባች (የምርት ቁጥር) የሆኑ ሁለት ብልቃጦች ይያዙ። አንዱን ዲፕ ፍሪዘር ባለበት ጤና ጣቢያ ሌሊቱን በሙሉ አስረግተው፣ ሳያሞቁ በራሱ ጊዜ እንዲቀልጥ ይተዉት። «ለሙከራ ብቻ» ብለው ይጻፉበት፣ አለዚያ ወደ መርፌ ይገባል። ሁለቱን በአንድ እጅ ይዘው ከ10 እስከ 15 ሰኮንድ ይነቅንቁ፤ ጠረጴዛ ላይ አቁመው እስከ 30 ደቂቃ ይመልከቱ። የተጠረጠረው ብልቃጥ ዝቃጭ ሆን ብለው ካስረጉት ብልቃጥ ዝቃጭ ይልቅ ቀስ ብሎ ከወረደ ደህና ነው። እኩል ወይም ፈጥኖ ከወረደ ያንን ባች ያስወግዱ። የፖሊዮ መርፌና ሮታ (የተቅማጥ ክትባት) አሉሚኒየም ስለሌላቸው በዚህ አይፈተኑም፤ ለይተው አስቀምጠው ወረዳውን ይጠይቁ።

የውርጩ ሰበብ ብዙውን ጊዜ ተርሞስታቱ (የፍሪጁ ቅዝቃዜ መቆጣጠሪያ) ነው። ቀን ሞቆ ሲያዩት ወደ ብርድ ያዞሩታል፣ ሌሊት ክፍሉ ራሱ ይበርዳል፣ ጠዋት ከዜሮ በታች ይሆናል። የሚስተካከለው በጠዋቱ ንባብ ነው፦ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ከሆነ አይነካም። ሌላው ሰበብ ከፍሪዘር ወጥቶ ወዲያው ቫክሲን ካሪየር (ክትባት መያዣ ሳጥን) ውስጥ የሚገባ አይስ ፓክ ነው። ሲነቀነቅ ውሃው እስኪንቦጫረቅ መቆየት አለበት፤ በደጋ ክፍል ይህ ከአንድ ሰዓትም ሊያልፍ ይችላል። ሳጥኑን በባና መጠቅለል አያድነውም፣ ውርጩ ከውስጥ ነውና።

ጥያቄ፦ ሸዋ ሮቢት አጠገብ ያለ ጤና ጣቢያ ነን። መብራት ሄዶ ሲቆይ ክትባቱን ወዲያው ወደ ሌላ ቦታ እናውጣ?

መልስ፦ አትቸኩሉ፣ ክዳኑንም አትክፈቱ። አይስ ላይን ፍሪጅ (ግድግዳው በበረዶ የተሸፈነ የክትባት ፍሪጅ) በመስፈርቱ መሠረት በ43 ዲግሪ ሙቀት ከ20 ሰዓት በላይ ይይዛል፣ ግን አስቀድሞ በቂ መብራት አግኝቶ በረዶው የሞላ ከሆነ ነው። የፀሐይ ፍሪጅ በቂ ፀሐይ ባያገኝም ቢያንስ 3 ቀን ይቆያል። ቴርሞሜትሩ ወደ 8 ሲጠጋ ወደተዘጋጁ ካሪየሮች ያዛውሩ። መብራት ሲመለስ ተርሞስታቱን ወደ ብርድ አያዙሩ። የቤት ፍሪጅ ግን ለክትባት አይሆንም፤ ያለ መብራት ጥቂት ሰዓት ነው የሚይዘው።

ጥያቄ፦ አንኮበር ወረዳ ያለሁ የቀበሌ አመራር ነኝ። ገንዘብ የለንም፣ በምን እናግዝ?

መልስ፦ የፍሪጁ ሙቀት ንባብ በቀን ሁለት ጊዜ፣ ቅዳሜና እሑድንም ጨምሮ ይመዘገባል። የጤና ኬላዎ መዝገብ የጥምቀትን ሰሞን ባዶ ካሳየ፣ ሁለተኛ ቁልፍ ያለው ሰው ማንም አልመደበም ማለት ነው። እሱን መመደብ ገንዘብ አይጠይቅም። የፀሐይ ሰሌዳውን አቧራ ጠርጎ ጥላ የሚጥልበትን ቅርንጫፍ መቁረጥም እንዲሁ።

ኩፍኝ የሚከተቡ የ9 እና የ15 ወር ሕፃናት ስም ዝርዝርም ለጤና ኬላው ባለሙያዎች ይስጡ። የኩፍኝ ብልቃጥ ለብዙ ልጅ የሚሆን ነው፣ ከተበጠበጠ በ6 ሰዓት ውስጥ ይጣላል። ባለሙያዋ ለሁለት ልጅ ለመክፈት ስታመነታ እናቲቱ «ሌላ ቀን ነይ» ተብላ ትሄዳለች፣ ብዙዎች አይመለሱም። የክትባቱ ቀን ለቀበሌው ታውቆ ሕፃናቱ በአንድ ቀን ቢሰበሰቡ ችግሩ ይቃለላል። በዚያው ቀን አንድ ልጅ ብቻ ቢመጣም ብልቃጡ እንዲከፈት እንመክራለን።