የመንገድ መብራቱ ገንዘብ የት ገባ?

ጥያቄ፦ ሰፈራችን ከአያት ወዲያ ነው። ወረዳው አምና ያስተከላቸው የሶላር መብራቶች ከምሽቱ 3 ሰዓት ሳያልፍ ይጠፋሉ። አሁን ለአዲስ መብራት አዋጡ ተብለናል። ምን ይሻላል?

መልስ፦ ከማዋጣታችሁ በፊት ብልሽቱን ለዩ። ሁሉም በአንድ ሰዓት ከጠፉ መብራቱ እንዲጠፋ የተሞላበት ሰዓት ይስተካከል። ፀሐይ ወጥታ ውላም አንዱ 2፣ ሌላው 3 ሰዓት ላይ ከጠፋ ግን ወይ የፀሐይ ብርሃን የሚቀበለው ፓኔል አቧራ ለብሷል፣ ወይ ባትሪው ደክሟል። መጀመሪያ ፓኔሉ ይጠረግ፤ ኮረኮንች መንገድ ዳር አቧራ ቶሎ ይጋገርበታል። ካልተሻለው ባትሪው ይቀየራል እንጂ ደህና ምሰሶና አምፖል እንደገና አይገዛም፤ የሕዝብ ገንዘብ የሚባክነው እዚህ ላይ ነው።

የየምሰሶውን ቁጥርና የሚጠፋበትን ሰዓት ለአንድ ሳምንት መዝግባችሁ ለወረዳው በደብዳቤ አስገቡ፤ ከመዝገብ ቤት ቁጥር ሳትቀበሉ አትውጡ። በውሉ የባትሪው አቅም ስንት እንደሆነ፣ የመጨረሻ ርክክብም (የዋስትናው ጊዜ ሲያልቅ ወረዳው ሥራውን ከኮንትራክተሩ የሚረከብበት) መፈጸሙን ጠይቁ። ካልተፈጸመ አብዛኛውን ጊዜ ከኮንትራክተሩ ክፍያ የተያዘ ገንዘብ ስለሚኖር፣ በራሱ ወጪ እንዲጠግን ማስገደድ ይቻላል።