የአቮካዶ ቀንበጥ፣ የራስ ዳሽን ሰዓት፣ የደብር ደን፦ የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ሃያ የአቮካዶ ችግኞችን በሐስ ዝርያ አዳቅዬ አሥራ አራቱ ደረቁብኝ። ጥፋቱ የት ላይ ነው? (ከቡታጅራ)

መቼ እንደ ደረቁ ያስታውሱ፤ መልሱ ያለው እዚያ ላይ ነው። ቀንበጡ በመጀመሪያዎቹ አሥር ቀናት ተጨማዶ ከጠቆረ፣ ከታችኛው ግንድ ውኃ አላገኘም፤ ካምቢየማቸው አልተገጣጠመም ማለት ነው። ካምቢየም በቅርፊቱና በእንጨቱ መካከል ያለ በጣም ስስ ሽፋን ነው፤ ሁለቱን የሚያያይዘው እሱ ነው። ቀንበጡ ከተቀባዩ ግንድ ከቀጠነ መሐል ላይ አያስቀምጡት። ወደ አንድ ዳር አስጠግተው ቢያንስ በአንድ ወገን ቅርፊቱን ከቅርፊቱ ጋር ያስተካክሉ። መሐል ላይ የተሰካ ቀንበጥ ለዓይን ያምራል፣ ግን ይሞታል።

ሦስት ሳምንት አረንጓዴ ሆኖ ቆይቶ፣ ቅጠል ማውጣትም ጀምሮ ከደረቀ ደግሞ የበቀለው በራሱ ስንቅ ነበር። ስንቁ ሲያልቅ መጋጠሚያው ገና አልጠነከረም፤ ወይም ሽፋኑ ቶሎ ተነሥቶለት ፀሐይ መትቶታል።

አሠራሩን አንድ በአንድ ይመርምሩት። ተቀባዩ ችግኝ የእርሳስ ውፍረት ሲደርስ ከአፈሩ 20 ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍ አድርገው ይቁረጡትና መሐሉን 3 ሴንቲ ሜትር ወደ ታች ይሰንጥቁት። ቀንበጡን የጫፍ እንቡጡ ካበጠ ነገር ግን ገና ካልተከፈተ ቅርንጫፍ ይውሰዱ፤ ርዝመቱ ከ8 እስከ 10 ሴንቲ ሜትር ይበቃል። ለስላሳ ቅጠል ከጀመረ ቅርንጫፍ የተወሰደ ቀንበጥ ብዙ ጊዜ አይያዝም። ቅጠሎቹን ወዲያው ይቁረጡ፤ ካልተቆረጡ በእነሱ በኩል ውኃው ተንኖ ያልቃል። የታችኛውን ጫፍ በአዲስ ምላጭ ከሁለት ወገን እንደ ሽብልቅ ይቅረጹት፣ በአንድ ጊዜ ስበት። እየደጋገሙ ከፋቁት ገጹ ወጣ ገባ ይሆናል፣ ክፍተቱም ይደርቃል። ከዚያ በቀጭን የተቆረጠ ፌስታል ከታች ወደ ላይ አጥብቀው ይጠምጥሙ፤ እንዲህ ከተደራረበ ውኃ አይሰርግም። ላዩን በትንሽ ላስቲክ ሸፍነው ጥላ ሥር ያቆዩት። እንቡጡ ሁለት ሦስት ሴንቲ ሜትር ሲያድግ ሽፋኑን፣ ከሁለት ወር ገደማ በኋላ ደግሞ ጥምጥሙን ያንሡ። ጥምጥሙ ከዘገየ ግንዱን ያንቀዋል።

ከመጋጠሚያው በታች የሚያቆጠቁጠውን ሁሉ በየሳምንቱ ይንቀሉ። የተቀባዩ ዛፍ ቡቃያ ከቀንበጡ ይፈጥናልና ምግቡን ይወስድበታል። ወደ ማሳ ሲያዛውሩም መጋጠሚያው ከአፈር በላይ ይሁን። ውኃ የሚቋጥር ቦታ ላይ ደግሞ አይትከሉ፤ የአቮካዶን ሥር የሚያበሰብሰው ፋይቶፍቶራ የሚስፋፋው በእንዲህ ያለ ቦታ ነው።

ጥያቄ፦ አዲስ አበባ ከፍታ ላይ በመሆኗ ሰዓት ከባሕር ዳርቻ ይልቅ ይፈጥናል የሚባለው እውነት ነው?

እውነት ነው፤ መጠኑንም ራስዎ ማስላት ይችላሉ። አልበርት አንስታይን እንዳሳየው የመሬት ስበት በሚበረታበት ቦታ ሰዓት ይዘገያል። ከመሬት አጠገብ አንድ ሜትር ከፍ ባልን ቁጥር ሰዓት በዓመት 3.4 ናኖ ሰከንድ (ናኖ ሰከንድ የሰከንድ ቢሊዮንኛ ነው) ያህል ይቀድማል። አዲስ አበባ 2,355 ሜትር ገደማ ላይ ስላለች ከባሕር ወለል ጋር ስትነጻጸር በዓመት ወደ 8 ማይክሮ ሰከንድ፣ ማለትም የሰከንድ 8 ሚሊዮንኛ፣ ትቀድማለች። ከራስ ዳሽን ጫፍ፣ 4,550 ሜትር ገደማ፣ እስከ ዳናክል ዝቅተኛ ቦታ፣ ከባሕር ወለል በታች 120 ሜትር ገደማ፣ ያለውን ልዩነት ከወሰዱ ወደ 16 ማይክሮ ሰከንድ ይደርሳል። 60 ዓመት አዲስ አበባ የኖረ ሰው ምጽዋ ከኖረ እኩያው ይልቅ ግማሽ ሚሊ ሰከንድ ያህል በዕድሜ ይበልጣል ማለት ነው።

ይህ በወረቀት ላይ ብቻ የቀረ ስሌት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1960 የፊዚክስ ተመራማሪዎቹ ፓውንድና ሬብካ በሐርቫርድ 22.5 ሜትር ከፍታ ባለው ግንብ ውስጥ በጋማ ጨረር ለክተውታል። በ2010 የአሜሪካ የደረጃዎች ተቋም ተመራማሪዎች ሁለት የአቶም ሰዓቶችን በ33 ሴንቲ ሜትር አበላልጠው ልዩነቱን አዩ። በ2022 ደግሞ በኮሎራዶ በአንድ ሚሊ ሜትር ከፍታ ልዩነት ታየ። የእጅ ሰዓት ግን በቀን ከዚህ በብዙ ሺህ እጥፍ ስለሚዛባ በእሱ አይሞክሩት።

ጥያቄ፦ በረንዳዬ ላይ በባልዲ የተከልኩት ቲማቲም ፍሬው ከታች በኩል ጠቁሮ ይሰረጉዳል። ምን ልርጭበት? (ከቨርጂኒያ)

ምንም አይርጩ። በሽታ አይደለም፤ ወደ ፍሬው ጫፍ ካልሲየም አልደረሰም። ካልሲየም በተክሉ ውስጥ የሚጓዘው ከውኃው ጋር ነው፤ ባልዲው አንድ ቀን ደርቆ በማግስቱ ሲጥለቀለቅ ጉዞው ይቋረጣል። መጠኑን ሳያዘበራርቁ ያጠጡ፣ አፈሩን በደረቅ ሣር ይሸፍኑ፣ ዩሪያ አያብዙ። የእንቁላል ቅርፊት ለመሟሟት ብዙ ጊዜ ስለሚፈጅ ለዘንድሮው ፍሬ አይደርስም። የጠቆሩትን ይልቀሙ፤ ቀጣዮቹ ይስተካከላሉ።

ጥያቄ፦ የ12ኛ ክፍል ተማሪ ነኝ። የጎዴል ቲዎረም ሒሳብ አስተማማኝ እንዳልሆነ አረጋግጧል ሲባል ሰማሁ። ታዲያ ለምን እንማረዋለን?

የሰማሽው ስሕተት ነው፤ ብዙ ሰው ስለሚደግመው ረጋ ብለን እንየው። የሒሳብ ሊቁ ኩርት ጎዴል እ.ኤ.አ. በ1931 ያሳየው ይህን ነው፦ የአክሲዮሞች፣ ማለትም ያለ ማረጋገጫ ተቀብለን የምንነሣባቸው ዓረፍተ ነገሮች፣ ዝርዝር እርስ በርሱ ካልተጋጨ፣ አንድ ዓረፍተ ነገር አክሲዮም መሆን አለመሆኑ በሜካኒካል መንገድ ሊለይ ከቻለና መደመርንና ማባዛትን የሚገልጽ አቅም ካለው፣ በዚያ ዝርዝር እውነትነቱም ሐሰትነቱም የማይረጋገጥ ዓረፍተ ነገር ይኖራል። ሦስቱም ቅድመ ሁኔታዎች ያስፈልጋሉ። ማባዛትን አውጥተሽ መደመርን ብቻ ብታስቀሪ ሁሉም ጥያቄ መልስ ያገኛል፤ ይህን ፕሬስበርገር በ1929 አረጋግጧል።

የማይረጋገጥ ዓረፍተ ነገር ምን እንደሚመስል በእርሳስ መሞከር ትችያለሽ። አንድ ቁጥር ውሰጂና በ2 ርቢዎች ድምር ጻፊው፤ አርቢዎቹንም እንደዚሁ። ከዚያ 2 ያለበትን ሁሉ በ3 ተኪና ከውጤቱ 1 ቀንሺ። ቀጥሎ 3ን ሁሉ በ4 ተክተሽ 1 ቀንሺ፤ እንዲህ እያልሽ ቀጥዪ። ከ3 ብትነሺ 3፣ 3፣ 3፣ 2፣ 1፣ 0 ሆኖ ያልቃል። ከ4 ብትነሺ ግን 4፣ 26፣ 41፣ 60፣ 83፣ 109 እያለ ያድጋል። ተማሪዎች እዚህ ላይ የሚሳሳቱት አርቢውን ሳይለውጡ መሠረቱን ብቻ ሲለውጡ ነው፤ 4 ማለት 2 በአርቢ 2 ስለሆነ ቀጥሎ 3 በአርቢ 3 ይሆናል፣ ይኸውም 27፣ ሲቀነስ 26።

ይህ የሚያድግ ተከታታይ በመጨረሻ ዜሮ ይደርሳል። ከ4 ሲነሣ የሚፈጀው የእርምጃ ብዛት ራሱ ሲጻፍ ከ121 ሚሊዮን በላይ አሃዞች አሉት። ከየትኛውም ቁጥር ቢነሣ ዜሮ እንደሚደርስ ጉድስታይን በ1944 አረጋገጠ፤ የተጠቀመው ግን ከሙሉ ቁጥሮች አልፈው የሚሄዱትን ኦርዲናል የሚባሉ ቁጥሮች ነው። ኪርቢና ፓሪስ በ1982 ደግሞ ስለ ሙሉ ቁጥሮች በተለመዱት የፔአኖ አክሲዮሞች ብቻ ይህን ማረጋገጥ እንደማይቻል አሳዩ። እውነቱ ተረጋግጧል፤ የጠበበው የተነሣንበት ዝርዝር ነው። እኔ በዚህ ውስጥ የማየው ድክመት ሳይሆን ገና የሚሠራ ብዙ ሥራ ነው፤ ሒሳብ የምትማሪውም ለዚህ ነው።

ጥያቄ፦ የደብራችን ደን እየሳሳ ይሁን እየበዛ በቁጥር ማወቅ እንፈልጋለን። ያለ ባለሙያ ይቻላል? (ከደቡብ ጎንደር)

ይቻላል፤ ገመድ፣ ሜትርና ደብተር ይበቃል። ከሰበካ ጉባኤው ፈቃድ ይዛችሁ ከደኑ ዳር ወደ መሐል ቀጥ ያለ መስመር አውጡ። በመስመሩ ላይ በየ50 ሜትሩ 20 በ20 ሜትር ፕሎት፣ ማለትም የመቁጠሪያ ቦታ፣ ከልሉ። ቦታውን መስመሩ ይምረጥላችሁ፤ ለመራመድ የሚመቸውን ከመረጣችሁ ቁጥሩ ዛፍ ወደ ሳሳበት ያዘነብላል። ተዳፋት ላይ ገመዱን አግድም ወጥራችሁ በአጭር በአጭሩ ለኩ፤ መሬቱን ተከትሎ ከተለካ ፕሎቱ ያንሳል።

የዛፉን ዙሪያ ከመሬት 1.3 ሜትር ከፍታ ላይ ለክታችሁ ለ3.14 አካፍሉ። ዙሪያው 94 ሴንቲ ሜትር ከሆነ ውፍረቱ 30 ነው። ከ1.3 ሜትር በታች የተከፈለ ግንድ እንደ ሁለት ይቆጠራል። አንድ ፕሎት 0.04 ሄክታር ስለሆነ በአምስት ፕሎት 62 ዛፍ ካገኛችሁ በሄክታር 310 ማለት ነው።

ትልልቆቹን ብቻ ቆጥራችሁ እንዳታቆሙ። በየፕሎቱ በአራቱ ማዕዘንና በመሐሉ 2 በ2 ሜትር ከልላችሁ ቡቃያውን በየዝርያው መዝግቡ። ጥድና ወይራው ግዙፍ ሆኖ ከሥሩ ልጅ ከሌለው፣ ደኑ ከላይ ለምለም ቢመስልም ተተኪ አጥቷል። የአብዛኞቹ ሀገር በቀል ዛፎች ዘር አፈር ውስጥ ለብዙ ዓመት ስለማይቆይ፣ እናት ዛፉ ከወደቀ በኋላ መሬቱ በራሱ አይመልሰውም። ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ በዚያው በደቡብ ጎንደር ደብሮች ይህን አጥንቷል፤ ከብት የሚከለክል የድንጋይ ካብም በበርካታ ደብሮች ተሠርቷል።

ምክንያቱ ከብት መሆኑን ለመለየት አንድ 10 በ10 ሜትር ቦታ በእሾህ አጥራችሁ፣ አጠገቡ ያለውን እኩል ቦታ ሳታጥሩ ተዉት። ክረምቱ አልፎ መስከረም ላይ የሁለቱን ቡቃያ ቁጠሩ፤ ጥር ላይ ደግሞ ከበጋው የተረፈውን። በሁለቱም ቦታ ካልበቀለ ችግሩ ዘሩ ነው። በሁለቱም በቅሎ ጥር ላይ በሁለቱም ከሞተ ደግሞ ድርቁ ነው። በታጠረው ብቻ ከተረፈ ካቡን ጀምሩ።